ማኅበረ ትሑታን

ይታይሽ ደባርቅ ውስጥ የምትታወቀው መኪና እያላት ሚኒባስ የምትጠብቅ ሴት ተብላ ነው። በየማለዳው ጋቢዋን ተከናንባ፣ የተማሪዎቿን ደብተር በፌስታል አንጠልጥላ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካለው መታጠፊያ ላይ ትቆማለች። የምታስተምረው ዳባት ነው። ነዳጅ በጠፋበት ቀን ሚኒባሱ ይዘገያል፤ ነዳጅ በተገኘበት ቀን ደግሞ ሰው ይጠቀጠቅበታል። ረዳቱ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ያስገባትና፣ «መምህርት፣ ጠጋ በይ እንጂ። ቤትሽ ያለውን ወንበር የተውሽ አንቺ ነሽ» ይላታል። እሷም ጠጋ ትላለች። መልስ መስጠት ጉልበት ይፈልጋል፤ ያላትን ጉልበት ደግሞ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ትቆጥባለች።

ረዳቱ የሚለው ወንበር በመኪናዋ ውስጥ ያለውን ነው። ግቢዋ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር፣ ሸራ ለብሳ የቆመች ብርማ ላንሰር አለች። ኋላዋ ላይ ክንፍ አላት። ሆዷ ለመሬት ከመቅረቡ የተነሣ ድመት እንኳ ከሥሯ ስታልፍ ጎንበስ ትላለች። ለከተማ አስፋልትና ለወጣት ልብ የተሠራች እንጂ ለዚህ አገር መንገድ የታሰበች አይደለችም። የባሏ የገዱ ነበረች። ገዱ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል።

ገዱ ሾፌር ነበር። አገር ጎብኚ የሚያመላልስ ድርጅት ተቀጥሮ፣ ቤት የሚያህል ላንድክሩዘር እየነዳ፣ ፈረንጅ ጭኖ ስሜን ተራራ ላይ እስካለው ጨነቅ ድረስ ይወጣ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ስለሚውል ይሁን ስለ ሌላ እንጃ፣ የራሱን መኪና ለመግዛት ሲበቃ ከሁሉ ዝቅ ያለችውን መረጠ። ከጎንደር ይዟት የመጣ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ። ታላቅ እህቱ ወይዘሮ ባንቻየሁ ዞረው ዞረው ካዩዋት በኋላ፣

«ወንድሜ፣ ይቺ ገና እየተነሣች ነው ወይስ ተቀምጣ ቀርታ ነው?» አሉ።

«ተቀምጣ ነው የምትሄድ፣ እቴ።»

«እንግዲህ አንድ ቀን ተነሥታ ስትሄድ ያሳየን።»

አልተነሣችም። ጃናሞራ ያለ ዘመድ ሲሞት እሷን ቤት ጥለው በጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥለው ይሄዳሉ። ጨነቅማ የማይታሰብ ነው። ክረምት ሲገባ ከዋናው መንገድ እስከ ግቢያቸው ያለው ጭቃ ስለሚውጣት፣ ገዱ ከሥራ ሲመለስ ድንጋይ እየለቀመ ለሁለቱ ጎማዎቿ ልክ ሁለት መስመር አነጠፈላት። ይታይሽ ስትገባ «በስመ አብ» ብላ እንደ ጉድጓድ ትወርዳለች፤ ስትወጣ ጉልበቷን ይዛ ታቃስታለች። ግን ድንቹም በማዳበሪያ፣ ገብሱም በቁና የሚመጣው በእሷ ነበር። ለፋሲካ የገዙት በግ በኋለኛው መስኮት ቀንዱን አውጥቶ፣ እንደ ሹም ግራ ቀኙን እያየ ከተማ ይገባ ነበር። ልጅ አልወለዱም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገዱ መኪናዋን በባልዲ ውኃ ያጥባል፤ ይታይሽ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የተማሪ ፈተና ታርማለች። መንዳት ያስተማራትም እሱ ነው፣ ገብስ ከታጨደ በኋላ በቀረው ሜዳ ላይ። «ፍሪሲዮኑን እንዲያ አትልቀቂው። ክንድሽ ላይ የተኛ ሕፃን አልጋ ላይ እንደምታኖሪ ነው» ይላታል። ሕፃን አልጋ ላይ አኑራ አታውቅም፤ ግን ገባት።

በደባርቅና በአምባ ጊዮርጊስ መካከል እንዲህ ያለች መኪና የነበረቻቸው አራት ሰዎች ናቸው። አንዱ ገዱ ነው። ሁለተኛው እንግዳው የሚባል የአምባ ጊዮርጊስ እህል ነጋዴ ነው፤ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ እሱ ሲገባባት መኪናዋ ሌላ ስንዝር ዝቅ የምትልለት። ሦስተኛው ቃለ አብ ነው፤ ደባርቅ ላይ ፀጉር የሚያስተካክል፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንስ። አራተኛውን ግን ያየ ሁሉ ቆሞ ያያል። የዳባቱ መሪጌታ አለነ ናቸው። መኪናዋን ወንድማቸው ከአገር ሲወጣ ትቶላቸው ነው። ጥምጥማቸው ጣሪያውን ስለሚነካ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው፣ ክንፍ ያላትን መኪና በእግረኛ ፍጥነት ይነዷታል። ከኋላቸው የተሰለፈ መኪና ጥሩምባ ሲነፋባቸው በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ይባርኩታል።

ትውውቃቸው በመኪና ማንሻ፣ በክሪክ ነው የተጀመረ። ጎማ በፈነዳ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት ክሪክ ከእነዚህ መኪኖች ሆድ ሥር አይገባም። እንግዳው ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ክሪክ አስመጣ፤ የተገኘው አንድ ብቻ ነበር። አንድ ክሪክ ለአራት ቤት እንዴት ይሁን ሲባል መሪጌታ ብልሃት አመጡ።

«እንደ ጽዋ ማኅበር ይሁን። በየወሩ ቤት ለቤት ይዙር። እሱ ያለበት ሰው ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ባልንጀሮቹን ይጋብዝ፤ ሲወጡ ባለ ተራው ተረክቦ ይሂድ።»

«እንግዲያው ስም ይውጣለት» አለ እንግዳው። «የዝቅተኞች ማኅበር እንበለው።»

«እንደሱ አይባልም፣ ያስነውራል። ማኅበረ ትሑታን በለው። ትሑት ማለት በግእዝ ዝቅ ያለ ነው። ሰውም ቢሆን፣ መኪናም ቢሆን።»

የቅዱስ ስም እንጥራበት ሲሏቸው ግን እንቢ አሉ። በቅዱሳን ስም ጎማ አይቀየርም አሉ። ክሪኩን እነ ቃለ አብ «ጽዋው» ማለት ሲጀምሩ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ እሳቸውም ለመዱት። መንገድ ዳር «ጽዋው ማን ጋ ነው?» ሲባባሉ የሰማ ሰው ጠጪዎች ይመስሉት ነበር።

አንድ እሑድ ተራው የገዱ ሆኖ ሁሉም እቤቱ ተሰብስበው ነበር። ይታይሽ ጓዳ ውስጥ ድንች ስትልጥ ጨዋታቸውን ትሰማለች። እንግዳው መለዋወጫ ጠፋ ብሎ ሲያማርር ቆይቶ፣

«ስሙኝማ። ከአራታችን ቀድሞ የሞተ መኪናውን ለቀሩት ያውርስ። ጎማው ለእኔ፣ ሞተሩ ለቃለ አብ፣ ክንፉ ለመሪጌታ። ክንፍ ለቤተ ክህነት ሰው ነው የሚያምር» አለ።

ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ገዱ ነበር። «እኔ ተስማምቻለሁ» አለ። «የፊት መብራቴን ግን ለአንተ ጨምሬልሃለሁ፣ እንግዳው። ጨለማ ላይ ነህ።»

ይታይሽም ከጓዳ ሆና ፈገግ አለች። ያን ጊዜ ገዱ ጤነኛ ነበር።

ከዚያ ኩላሊቱን ታመመ። ጎንደር እየተመላለሰ እንዲታከም ታዘዘ። የምትነዳው ይታይሽ ሆነች። የጎኑን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝታ፣ ብርድ ልብስ አልብሳ፣ ጨለማው ሳይለቅ ትወጣለች፤ ከሰዓት ትመለሳለች፤ በማግሥቱ ደግሞ ክፍል ትገባለች። ሲመለሱ ገዱ ዓይኑን እንደጨፈነ መንገዱን ከጀርባው ሥር በጎማው ድምፅ ብቻ እያወቀ፣ «አምባ ጊዮርጊስ ነን... ገደብዬ... አሁን ዳባት ገባሽ፣ ቀስ በይ፣ ጉብታ አለ» ይላታል። አይሳሳትም ነበር። በመጨረሻው ጉዞ ግን ዳባትን አልፈው ምንም ሳይል ቀረ። ተኝቶ እንደሆነ ዞራ አላየችም። መንገዱን ብቻ እያየች እስከ ደባርቅ ነዳች። ተኝቶ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ግን ከአልጋ አልተነሣም፤ ሳምንቱም ሳያልቅ ሞተ።

ለቅሶው ዕለት ወይዘሮ ባንቻየሁ፣ «የወንድሜ ለቅሶ ያለ በቅሎ ሊሆን ነው?» ብለው አነቡ። በቀድሞው ደንብ የሟቹ በቅሎ ተጭኖ፣ ልብሱ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ በለቅሶተኛው መካከል ይመራል። ገዱ በቅሎ አልነበረውም። ሦስቱ ባልንጀሮቹ ተያዩ። ሄደው መኪናዋን አወጡ። ሞተሯን አላስነሡም። ካፖርቱን ለሾፌሩ ወንበር አለበሱት። ቃለ አብ በመስኮት እጁን አስገብቶ መሪውን ያዘ፤ እንግዳው ከኋላ ገፋ፤ መሪጌታ ጥምጥማቸውን ፈትተው ከፊት ከፊቷ ሄዱ። አልቃሿ ይኼን ስታይ ወዲያው ግጥም ሰጠች።

ከፍ ካለው ወርዶ፣ ዝቅ ያለውን ወዶ፣
ከሁሉ ዝቅ ወዳለው ሄደ መንገድ ለምዶ።

ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሲያበቃም ወይዘሮ ባንቻየሁ፣ «እንግዲህ የተለቀሰበት በቅሎ እስከ ተዝካሩ ኮርቻ አይነካውም» አሉ። ማንም አልተከራከረም። መኪናዋ ሸራ ለበሰች።

ተዝካሩ ወጣ። ሸራውን ማን ያንሣው? ይታይሽ ወይዘሮ ባንቻየሁ እስኪነግሯት ጠበቀች። ወይዘሮ ባንቻየሁ የይታይሽ ሐዘን እስኪበርድ ጠበቁ። ሦስቱ ወንዶች ደግሞ በሐዘንተኛ ቤት እጅ ማስገባት አይሆንም ብለው ጠበቁ። በቅሎ ብትሆን ርቧት ትጮህ ነበር። ባትሪ ግን ሲሞት አይጮህም። ጎማዎቹ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተነፈሱ ወደ መሬት ወረዱ፤ አይጥ ኮፈኑ ሥር ገብታ ወለደች። ክሪኩም በገዱ ተራ ላይ እንዳለ ሞት ስለ ደረሰበት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ እዚያው ዕቃ ቤት ቀረ። ከሐዘንተኛ ቤት ክሪክ አይጠየቅም። ትሑታን ዓመቱን ሁሉ መኪናቸውን በግንድና በድንጋይ እያነሡ ከረሙ።

ይታይሽ ይኼን አታውቅም። የምታውቀው ሌላ ነው። እንግዳው እህል ይዞላት ይመጣል፤ እህሉን በረንዳው ላይ ያኖርና፣ ወደ መኪናዋ ሄዶ ሸራውን ገለጥ አድርጎ ጎማዎቿን ያያል። ጎንበስ ይላል፣ በእጁ ይጫናል፣ ዝም ብሎ ይመለሳል። ቃለ አብ ይመጣና፣ «እትዬ፣ ሸራውን ላስተካክልልሽ?» ይላል። እሷ ጓዳ ሆና የሰማችው ቀልድ ትዝ ይላታል። ጎማው ለእኔ፣ ሞተሩ ለቃለ አብ። አንድ ቀን ቃለ አብ ገና አፉን ከፍቶ ሊናገር ሲል «ሥራ አለብኝ» ብላ ገባች። ቁጭ በሉ ማለትም ተወች። እነሱ ግን መምጣታቸውን አልተዉም። ከወይዘሮ ባንቻየሁ በቀር ቤቷ መጥቶ «ገዱ እንዲህ ይል ነበር» የሚል ሰው እነሱ ብቻ ነበሩ፤ ይኼንም ታውቀዋለች፤ በማወቋ ነው የባሰ የምትደክመው። የሚወርሱት መኪና ባይኖር ይመጡ ነበር ወይ? ይቺን ጥያቄ ከመታጠፊያው ላይ ሆና፣ ከክፍል ስትወጣ፣ አልጋ ላይ ጋደም ስትል ታገላብጣታለች። እንቅልፍ ከተለያት ቆይቷል። ማታ ማታ ዓይኗን ጨፍና ዳባትን ስታልፍ ታድራለች።

በመጨረሻ ለደላላ ነገረች። በሦስተኛው ቀን ከጎንደር አንድ ሰው ደወለ፤ ሚኒባስ እየጠበቀች ነበር።

«ባለቤቱን ላናግር ፈልጌ ነበር» አለ።

«ባለቤቴ ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር። የመኪናዋን ባለቤት ማለቴ ነው።»

«እሱንም ነው የምልህ።»

ሰውየው ግራ ገባው። «ታዲያ አሁን ባለቤቷ ማነው?»

ሚኒባሱ መጣ፤ ረዳቱ እጇን ይዞ እየጎተተ አስገባት፤ አራተኛ ሆና ተቀመጠች። ስልኩ ገና ጆሮዋ ላይ ነው። «እኔ መሰለኝ» አለች።

እሑድ ሊመጣ ተስማሙ። የደላላ አፍ ወንፊት ነው፤ ወሬው ከእሷ ቀድሞ አምባ ጊዮርጊስ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱም በእንግዳው መኪና መጡና አጥሩ ውጭ አቆሙ። ይታይሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ፈተና ታርም ነበር።

«እንደምን ዋልሽ፣ ይታይሽ» አሉ መሪጌታ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ መሪጌታ። እርስዎ ደኅና ነዎት?» ብድግ አለች፤ ግቡ ግን አላለችም።

የእንግዳው ዓይን ወደ ሸራው ሄደ። ይታይሽ አየችው። ሌላ ቀን ቢሆን ዝም ትል ነበር፤ ዛሬ ግን ዝም ማለቱም ከመናገር የማይተናነስ ድካም ሆነባት።

«ነገ ገዢ ይመጣል፤ ሰምታችኋል መሰለኝ» አለች። «ከነሙሉ አካሏ ነው የሰጠኋት። ጎማው ለእኔ፣ ሞተሩ ለቃለ አብ የተባባላችሁት አልሆነም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

እንግዳው ባርኔጣውን አወለቀ። የተናገረው ቃለ አብ ነው።

«እትዬ ይታይሽ፣ አንዴ ነይማ።»

አጥሩ ውጭ አወጣትና የእንግዳውን መኪና ፊት አሳያት። የቀኙ መብራት የለም። ባዶው ቦታ በፌስታል ተደፍኖ በፕላስተር ተጠፍንጓል።

«ጊደር ረግጣበት ነው» አለ ቃለ አብ። «ሚያዝያ ላይ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ዓይኑ ነው የሚነዳ። ከጎንደር ላምጣልህ ብለው እንቢ አለኝ። ‹መብራት ስፈልግ ያየኝ ሰው የገዱን ሞት ስጠብቅ የኖርኩ ይመስለዋል› ይላል። ትራፊክ በያዘው ቁጥር ይቀጣል፣ ይመጣል፣ ይቀጣል። እኛማ አንድ ዓይናው ማለት ጀምረናል።»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ያዝ» አለ እንግዳው ከኋላቸው።

ይታይሽ ዞረች። «ታዲያ መኪናዋን ምን ልታደርጓት ነው የምትዞሯት?»

«ጎማዋን ነው የማየው። ተንፍሳ በቸርኬዋ እንዳትቆም ፈርቼ ነው። ነፋስ መሙያ ይዤ እመጣለሁ፤ አንቺን ማስፈቀድ ይጨንቀኛል። ከእህሉ ሥር አድርጌ አመጣዋለሁ፣ ከባዶው ማዳበሪያ ሥር አድርጌ እመልሰዋለሁ። እንዲህ ሆኖ ከረመ።» ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። «ቀልዱንም ሰምተሽዋል ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«አፌን ቢቆርጠው ጥሩ ነበር።»

መሪጌታ ዘንጋቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ቆይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ የመጣነው ለመኪናዋም አይደለም። ለጽዋው ነው። ዓመት ሊሞላው ነው አንቺ ቤት ከገባ።»

«ክሪኩን? ውሰዱት፣ መሪጌታ። ምነው ሳትጠይቁኝ?»

«አይወሰድም። ጽዋው ያለበት ቤት ይጋብዛል፤ ደንቡ ይኼ ነው። የማኅበር አባል ሲሞት ሚስቱ ወይ ልጁ በቦታው ይገባል፤ ይኼም ደንብ ነው። እስክትጠሪን ስንጠብቅ ነው የከረምነው።»

ይታይሽ እጇ ላይ ያለውን ቀይ እስክሪብቶ አየችው። «እኔኮ ነገ መኪና የለኝም፣ መሪጌታ። ያለ መኪና እንዴት ይሆናል?»

መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ለዚህስ ደንብ የለንም» አሉ። ውሸት መናገር አይችሉበትም። ይታይሽም ሌላ አልጠበቀችም።

«የመብራቱ ነገር ግን ደንብ አለው» ብለው ቀጠሉ መሪጌታ። «በሦስት ምስክር ፊት የተነገረ ቃል ኑዛዜ ነው። ሳቅ አያፈርሰውም። ገዱ ለእንግዳው መብራቱን ሰጥቷል፤ እኔ ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ ቃለ አብ።

«እኔም» አለች ይታይሽ።

«እኔ አልሰማሁም» አለ እንግዳው። «ሰውየው ለሙሉ መኪና ነው የሚመጣ። ተዉኝ እባካችሁ።»

«እንግዳው» አለች ይታይሽ፣ አራተኛ ክፍልን ዝም በምታሰኝበት ድምፅ። «የሞተ ሰው ስጦታ አይመለስም።»

እንግዳው እንደ ታዘዘ ተማሪ ሄዶ የሸራውን ጫፍ ያዘ።

ሸራው ተነሣ። ያን ዕለት ከሰዓት ግቢው ውስጥ ሥራ ዋለ። ቃለ አብ አይጦቹን ከነጎጇቸው አወጣ። እንግዳው ነፋስ መሙያውን በይፋ ተሸክሞ ገባ። ክሪኩ ከጨርቁ ወጥቶ መኪናዋን አነሣት፤ ወይዘሮ ባንቻየሁ ድምፅ ሰምተው ከጎረቤት ሲመጡ አንድ ጎኗ ከመሬት ተለያይቶ አገኟትና፣ «ይኸው ተነሣች፤ እሱ ሳያያት» ብለው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ባትሪዋን ከእንግዳው መኪና ጋር በገመድ አገናኝተው ሞተሯን አስነሡ። የመብራቱ መለዋወጥ ቀላል ነበር፤ የገዱ መብራት ወደ እንግዳው መኪና ሄደ፣ ፌስታሉም ወደ ገዱ መኪና መጣ። ቃለ አብ ውስጧን ሊጠርግ ገብቶ፣ ተኝቶ የቀረውን የጎን ወንበር ሊያቀና እጁን ሲሰድድ ይታይሽ፣ «እሱን ተወው» አለችው። ወጣላት። ራሷ ጎንበስ ብላ መያዣውን ሳበችና ወንበሩን አቀናችው። ቀጭ ብሎ ቆመ። ብርድ ልብሱን ከኋላ አንሥታ አጠፈችው።

ከዚያ ጓዳ ገብታ ያላትን አቀረበች፤ ድንች ወጥ ነበር፣ እሱም ትንሽ በርበሬ በዝቶበት። መሪጌታ ባርከው፣ በልተው፣ «ይኼ ግብዣ ሆኖ ይቆጠራል» አሉ። ባለ ተራው እንግዳው ነበርና ጽዋውን ተረክቦ ሄደ። ሲወጡ ማንም ስለሚቀጥለው ወር አልተናገረም። ይታይሽም አልጠየቀች።

በማግሥቱ የጎንደሩ ሰው መጣ። ወጣት ነው፤ መኪናዋን ገና ሲያያት ፊቱ በራ። ገዱም እንዲያ ነበር የሆነው። ኋላ ግን ከፊቷ ቆሞ፣ «መብራቷ ምን ሆነ?» አለ።

«በኑዛዜ ሄደ» አለች ይታይሽ።

አልገባውም፤ ዋጋ አስቀነሰ እንጂ። ተፈራረሙ። ሲወጣ ገዱ ያነጠፈውን ድንጋይ ሳያውቅ ጎማውን ከመስመሩ አሳተና ሆዷ ጭቃውን ሲልስ ተሰማ። ይታይሽ በሩን ዘጋች። ከአጥሩ ሥር ያለው ሣር ብርሃን አጥቶ ነጭ ሆኗል። እፎይ የምትል መስሏት ነበር። ያን ሌሊትም ዓይኗን ጨፍና ዳባትን ስታልፍ አደረች።

ሳምንታት ሄዱ። ሙት ዓመቱ ወጣ። እንግዳው በሥራ አመካኝቶ ለአንድ ሰሞን አልመጣም፤ የእህል መሰብሰቢያ ጊዜ ስለሆነ ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ቃለ አብን መንገድ ላይ አገኘችው፤ የእሱም መኪና መለዋወጫ ጠፍቶባት ቆማለች፤ ሰላም ተባብለው አለፉ። ሰው የሚመጣው የሚመጣበት ነገር ሲኖር ነው፣ ብላ ነገሩን ዘጋችው። ማንንም አልወቀሰችም። ደንብ የለንም ብለዋል፤ ያልዋሸ ሰው አይወቀስም።

ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ ተመልሳ ልብስ ለማጠብ ውኃ እየቀዳች ሳለ በሩ ላይ ጥሩምባ ሰማች። ያ ቀስ ያለ፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ ያለ ጥሩምባ የመሪጌታ ነው። ወጣች። መሪጌታ በለጠጠው ወንበር ላይ፣ ቃለ አብ ከጎናቸው፣ ሞተሩ እየሠራ ተቀምጠዋል።

«ምነው፣ አልተዘጋጀሽም እንዴ?» አሉ።

«ለምኑ፣ መሪጌታ?»

«ዛሬኮ እንግዳው ጋ ነን።»

ባልዲውን መሬት አኖረችው። «እኔ መኪና የለኝም።»

«ለዚያ አይደል እኛ የመጣን?» አሉ መሪጌታ። «ቶሎ በይ፤ እኔ እንደምነዳው ከሆነ ምሳው ያልፋል።»

የለበሰችውን ጥቁር ሳትቀይር፣ ነጠላ ብቻ ደርባ ወጣች። ቃለ አብ የፊቱን ሊለቅላት ሲል እንቢ ብላ ኋላ ገባች። በስመ አብ ብላ ነው የገባች።

እንግዳው ቤት ብዙ ተበላ። እንግዳው በግ አርዷል፤ ሙሉ ዓይን ሆኖ ነው የሚቀበላቸው፤ መብራቱን ለመጣ ሁሉ እያበራ ያሳያል። ሲያበቃ መሪጌታ ተራውን በቃላቸው ጠሩ። ከእንግዳው ቀጥሎ ቃለ አብ፣ ከቃለ አብ ቀጥሎ እሳቸው፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ይታይሽ።

«መሪጌታ፣ እኔ በክሪኩ ምን አነሣበታለሁ?» አለች።

«አንቺ ታኖሪዋለሽ። እኛ እናነሣበታለን።»

«አሁን ገና ጽዋው ትሑት ቤት ሊገባ ነው» አለ እንግዳው። «እኛማ ዝቅ ያለ መኪና ነው ያለን። እሷ ጭራሽ በእግሯ ነው የምትሄድ። ከዚህ በላይ ዝቅ ማለት ካለ አሳዩኝ።»

«አንተ በዚህ ሆድህ ዝቅ ማለት ምን እንደሆነ በምን አወቅህ?» አለች ይታይሽ።

ቃለ አብ እስኪያስለው ሳቀ። ራሷም ሳቀች፤ አጭር ሳቅ ነበር፣ ከጀመረችው በኋላ የገረማት።

ሲመለሱ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘቅዝቃለች። መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ቀስ ይላሉ። አህያ የጫኑ ሰዎች ከጎናቸው እየተራመዱ በመስኮት ያናግሯቸዋል፣ ይሰናበቷቸዋል፣ ጥቂት ቆይተው እንደገና ይደርሱባቸዋል። ከኋላ ያለው መቀመጫ ሰፊ ነበር፤ አራተኛ ሆኖ የሚጠጋ የለበትም። ገደብዬን ሲያልፉ ይታይሽ ራሷን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አስጠጋች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቃለ አብ ነው ኋላ የነገራት። መሪጌታ ዳባት ሲደርሱ ቤታቸው ጋ አልቆሙም፤ በጉብታው ላይ መኪናዋን ያለ ድምፅ አሳልፈው፣ ደባርቅ ድረስ ይዘዋት መጡና ከግቢዋ በር ላይ ሞተሩን አጠፉ። ቃለ አብ ሊቀሰቅሳት ዞር ሲል እጁን ያዙት።

«ተዋት።»

«የመንገዱ ኬላ ሳይዘጋ ዳባት መመለስ አለብዎ እኮ፣ መሪጌታ።»

«አንተ ቤት ፍራሽ የለም?»

«አለ።»

«እንግዲያውስ ምን ያስቸኩለናል» ብለው መሪጌታ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ፤ ወንበራቸው ላይም ለጠጥ ብለው፣ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ ዳዊት መድገም ጀመሩ። ከስሜን በኩል ብርዱ መምጣት ጀምሯል። ቃለ አብ በእሷ በኩል ያለውን መስኮት ቀስ አድርጎ ዘጋው።